ሁለት ብሎኖች በመንጋጭላዬ

አፌ ውስጥ ብሎን የገባው በስተርጅናዬ ነው። ይህን ቦንጋ ውስጥ ስናገር ግማሹ ሰው ይስቃል፤ ግማሹ ደግሞ "በዚህ ዕድሜ ጥርስ ምን ያደርግላታል" በሚል ዓይን ያየኛል። ለሁለቱም አልመልስም። በወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ከመነሻው እናገራለሁ።

መነሻው አንድ ሰው ነው። ከትውልድ ከተማዬ ከዋጫ በሙሽርነት ወደ ቦንጋ ከመጣሁ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በከተማው ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ጥርስም የሚነቅል አንድ ድሬሰር ነበር። ሰዉ ሁሉ ዶክተር ይለው ነበር፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ "አይደለሁም" ብሎ ሲያርም አልሰማሁም። ፊት ለፊት ስንገናኝ ጋሼ እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ፤ ባለጌ አይደለሁም። እዚህ ግን "እሱ" ይበቃዋል።

የታመመብኝ በታች በግራ በኩል ያለው የኋለኛው መንጋጋ ነበር። አፌን ከፍቼ በጣቴ አሳየሁት። እሱ ከጎኑ ያለውን የፊተኛውን መንጋጋ ነቀለው። ሳህኑ ላይ አየሁት፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የሌለችበት፣ ገና ብዙ ዘመን የሚያኝክ ጥርስ። ሕመሙ ግን እዚያው ቦታው ላይ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሳህኑ ታጥቧል፣ ጥርሱም የለም። "ሁለቱም ተበልተው ነበር፤ አንዱን ለዛሬ ብዬ ነው የተውኩት" አለና የታመመውንም ነቀለው።

በዚህ በሁለተኛው ቀን ጣቱን ነከስኩት። አልክድም። ከተማው የሰማው ግን ጣቱን ብቻ ነው። ስለተሳሳተው ጥርስ አንድም ሰው ሳይሰማ፣ ስለተነከሰው ጣት ከገበያ እስከ መሥሪያ ቤት ተወራ። ጣቱን በነጭ ጨርቅ አስሮ አንድ ሳምንት ዞረ፤ ቁስሉ የአንድ ቀን ጨርቅ እንኳ የሚያስፈልገው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር። ቀልድ ነው። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ጥርስ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ አርፎ አይቀመጥም። ከታች የሚገጥመውን ያጣ የላይኛው መንጋጋ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአንድ ዓመት አይታወቅም፤ በሠላሳ ዓመት ግን የእኔው ወርዶ ወርዶ የታችኛውን ድድ ሊነካ ደረሰ። ቀኝ ጎኔ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሲሠራ ኖሮ፣ አንድ ቀን ቆሎ ስበላ እዚያ ያለው አንዱ መንጋጋ ተሰነጠቀ። ግራዬን የሚያክምልኝ ሰው መፈለግ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰው ተገኘ። ችግሩ የተገኘችው ሐኪም የእሱ ልጅ መሆኗ ነው።

ይቺኛዋ እውነተኛ ሐኪም ናት። የጥርስ ሕክምና ተምራ፣ በዚያ ላይ ከቦታው የወጣ ጥርስን ወደ ቦታው የመመለስን ሙያ ጨምራ፣ አዲስ አበባ መቅረት ስትችል ወደ ቦንጋ ተመለሰች። ክሊኒኳን የከፈተችው ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው። ከዚያ መደብር ለሃያ ዓመት ብሎን ገዝቻለሁ። ባሌ አናጢ ነበር፤ ሲሞት የእንጨት ሥራ ቤቱ እንዳይዘጋ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሠራተኞቼ ጋር ቆሜ ለክቻለሁ፣ ቆርጫለሁ፣ ገጥሜያለሁ። ዛሬ በየቢሮው ሰው ክርኑን አስደግፎ የሚያንቀላፋበት ጠረጴዛ ብዙው ከእኔ ቤት የወጣ ነው። የባሌ እህት ግን እስከ ዛሬ "ወንድሜ ባቋቋመው ቤት ቀለም ትቀባ ነበር" ትላለች። ቀለም አይደለም፤ ቫርኒሽ ነው። እሱንም ቢሆን ሁሉም ሥራ ካለቀ በኋላ ነው የምቀባው።

መጀመሪያ ቀን ደረጃውን ስወጣ ባለ መደብሩ ከባንኮኒው ኋላ አየኝና፣ "እትዬ፣ ዛሬ ብሎን ፎቅ ላይ መሸጥ ተጀመረ እንዴ?" አለኝ። ሰውየው ነቢይ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ልጅቱ አፌን ከፍታ ብዙ ጊዜ አየች። የጣቱን ወሬ እየሰማች ያደገች ናትና ማን እንደሆንኩ ታውቃለች። የትኛው ጥርስ እንደተነቀለ ግን ማንም አልነገራትም።

"እትዬ፣ ሁለቱም ናቸው ያኔ የታመሙት?"

"እንደዚያ ነው የተባለው" አልኳት። ሠላሳ ዓመት ይዤ የቆየሁትን ነገር በመጀመሪያው ቀን አልበትነውም።

ከዚያ አስረዳችኝ። ለታችኛው ክፍተት ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የላይኛው ስለወረደ ቦታ የለም። ወይ ይነቀላል፣ ወይ ወደ ላይ ይመለሳል። ጤነኛ ስለሆነ መንቀሉን እንደማትወደው ነገረችኝ። የዚያ ቤት ሰው ስለ ጤነኛ ጥርስ እንዲህ ሲናገር ስሰማ፣ እስቲ ድገሚው ልላት ምንም አልቀረኝም።

ጥርሱን ወደ ላይ ለመመለስ መደገፊያ ያስፈልጋል። በጎረቤት ጥርሶች ላይ ብትደገፍ እነሱ ራሳቸው ወደ ታች ይሳባሉ። ስለዚህ ጥርስን ትታ አጥንት ላይ ልትደገፍ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ብሎን፣ አንዱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል ይገባል፤ ከሁለቱም የተወጠረ ላስቲክ ጥርሱን ወደ ላይ ይስበዋል። ለምን ሁለት እንደሆነ ጠየቅኳት፤ መልሱ ግን ሳትናገር ገብቶኝ ነበር። በአንድ ወገን ብቻ የተሳበ ነገር ወደ ላይ አይሄድም፣ ያጋድላል። ቁም ሳጥን ፎቅ ያወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ብሎኑን አሳየችኝ። ከክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ የገብስ ፍሬ የሚያህል ነው።

"ቀድሞ ይበሳል ወይስ ዝም ብሎ ይገባል?" አልኳት።

"ራሱ እየበሳ ነው የሚገባው።"

"እንጨቱ ይሰነጠቃላ።"

"አጥንት ነው እትዬ።"

"አጥንትስ አይሰነጠቅም?"

ሳቀች። "ከተቸኮለ ይሰነጠቃል።"

ወንበሩ ላይ ያስቀረችኝ ይህች መልስ ናት። ከዚያ በኋላ እንደ ባለሙያና ባለሙያ አወራን። ብሎኑን የሚይዘው የአጥንቱ የውጭ ቅርፊት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ስስ ነው። ውስጡ እንደ ዳቦ ልብ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ብዙ አይታመንም። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር አንድ አይሆንም፤ አጥንቱ ጨብጦ ስለያዘው ብቻ ይቆማል፣ ሥራው ሲያልቅም ተፈትቶ ይወጣል። ስለዚህ የሚስበው ኃይል ትንሽ መሆን አለበት፣ ዙሪያው በለስላሳ ብሩሽ መጽዳት አለበት፣ ከሁሉም በላይ መነካካት የለበትም። "በምላስም፣ በጣትም፣ በምንም አይንኩት" አለች። እሺ አልኩ። ዕድሜዋን በሙሉ ብሎን ስታጠብቅ ለኖረች ሴት የብሎን አያያዝ ይነገራታል እንዴ የሚለውን ለራሴ አስቀረሁት።

ያስገባችበት ቀን ድዴን አደነዘዘችው። በትንሽ ካቻቢቴ፣ በእጇ፣ ቀስ እያለች ነው ያዞረችው፤ ትንሽ ታዞርና ታርፋለች፣ ደግሞ ታዞርና ታርፋለች። ሕመም የለም፤ ግፊት ብቻ ነው። ድምፁን ግን በራስ ቅሌ ውስጥ ሰማሁት፤ ደረቅ ዋንዛ ውስጥ የሚገባ ብሎን ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ከበዳትና እዚያው አቆመች። አንዲት ሩብ ዙር አልጨመረችም። ከሠራተኞቼ ሁሉ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው አንድ ሁለት ሰው ነበር። እጇ የአባቷ አልነበረም። ይህን በማየቴ ደስ አላለኝም።

በየጥቂት ሳምንቱ ላስቲኩ እንዲቀየርልኝ እመጣ ነበር። አንድ ቀን፣ ቶሎ እንዲያልቅ ጠበቅ አድርጊው አልኳት። እምቢ አለች። በኃይል ከተሳበ ጥርሱ ከመሄዱ በፊት ብሎኑ ይነቀላል፣ የጥርሱም ሥር ይጎዳል፤ ትንሽ ኃይል ግን ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ ሲስብ አጥንቱ ራሱ መንገድ ይለቃል አለች። ትንሽ ኃይል ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ። ቂምም የሚሠራው እንደዚሁ ስለሆነ ለመረዳት አልቸገረኝም።

የሚያስቸግረው መጠበቂያው ክፍል ነበር። አባቷ በየጠዋቱ መጥቶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ጡረታ የወጣ ሰው መዋያ ያስፈልገዋል፤ እሱ ግን የሚቀመጠው እንደ ባለቤት ነው። ለሚገባው ሰው የቱ ጋ እንደሚያመው ይጠይቃል፣ የሚወጣውን አይዞህ ይላል። እኔን ሲያይ ተራ ወደሚጠብቁት ዞሮ፣ "ልጄን ጓንት ደርቢ ብያታለሁ" ይላል። ይስቃሉ። በመጣሁ ቁጥር ይህንኑ ቀልድ ሰማሁት፤ ሲናገረው ግን ሁልጊዜ ገና አሁን እንደመጣለት ነው።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ብሎኑ እንዲወድቅ አልፈለግኩም፤ ጥርሴን እፈልገው ነበር። ቢወድቅ ግን ጥፋቱን ማን ቤት እንደማደርሰው ከወዲሁ አውቅ ነበር።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ምላሴ በጉንጭ በኩል ያለውን ብሎን ነካ። ምላስ አትንኪ የተባለችውን መንካት ልማዷ ነው። ብሎኑ የፀጉር ያህል ነቅነቅ ያለ መሰለኝ። ወደ ክሊኒኩ መሄድ ነበረብኝ። ግን ዝናብ ነበር፣ አግዳሚው ላይ ማን እንዳለም አውቃለሁ፣ ደግሞም የላላ ብሎን ምን እንደሚደረግ ማንም ያውቃል። መስታወት አቆምኩ፤ የቅንድብ ወረንጦዬን በአልኮል ጠረግኩ፤ የብሎኑን ራስ ያዝኩና ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አዞርኩት። ጠበቀ። ያን ዕለት እንደ ወጣትነቴ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በማግስቱ ላላ፤ እንደገና አጠበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ዞረ፣ ዞረ፣ ምንም አልጨበጠም። የቡላ ገንፎ ውስጥ የተተከለ ነገር ሆነ።

ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን እንጨቱን በልቶ በባዶው ሲዞር ነው። በዚህ ጥፋት ስንቱን ሠራተኛ "እንጨት ሲበቃው ይናገራል፤ ጆሮ የለህም?" ብያለሁ። ያን ጠዋት ግን ያሰብኩት የራሴን እጅ አይደለም፤ ያኔ ታጥቦ ያገኘሁትን ሳህን ነው። የዚያ ቤት ሰው አፌን ሁለት ጊዜ አበላሸው አልኩ። ወረንጦውን ወደ መሳቢያው መለስኩና ለባሌ እህት ደወልኩላት።

ለምን ለእሷ? ቦንጋ ውስጥ የሆነ ነገር በአንድ ቀን እስከ ዋጫና እስከ ደካ ከተማ እንዲሰማ የሚፈልግ ሰው ለእሷ ይነግራታል። "ብቻሽንማ አትሄጂም" አለችኝ። ከእኔ ቀድማ፣ ጥላዋን ዘርግታ፣ ደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከእሱ ሌላ አራት አምስት ሰው ተቀምጧል። የባሌ እህት በሩ አጠገብ ቦታ ያዘች። ልጅቱ አስገብታኝ ብሎኑን በመሣሪያ ጫፍ ነካ አደረገችው። ተንገዳገደ። ፊቷ ተለወጠ። ላስቲኩን ፈታች፤ ብሎኑን ያለ ካቻቢቴ፣ በጣቷ ብቻ አወጣችው። ራጅ አነሳችኝና ምስሉን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ከቤት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ልጀምር ስል ቀደመችኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ" አለች። "ለጥርሱ ሥር አስጠግቼው መሆን አለበት።"

በላንቃ በኩል ያለው ብቻውን ቢስብ ጥርሱ ስለሚያጋድል የእሱንም ላስቲክ ፈታችው። ሁለተኛ ለማስገባት እንደማትደፍር ነገረችኝ። ወይ ጅማ ትልከኛለች፣ ወይም ጥርሱ ይነቀላል። ለዚሁ ሥራ ቀጠሮ የሰጠቻቸው ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ እነሱንም እንደምትመልሳቸው ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ስትናገር ካርዴ ላይ እየጻፈች ነበር።

ተከታትለን ስንወጣ አባቷ የልጁን ፊት አየና ምን እንደሆነች ጠየቃት። አንደኛው ብሎን ወደቀ አለችው።

"አጥንቷ አርጅቶ ነዋ" አለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። "ያረጀ አጥንት ብሎን አይዝም። አንቺ ምን ታደርጊ?"

አባትና ልጅ ዘወትር የሚያወሩት በካፊኖኖ ነው። ያን ቀን ግን በአማርኛ መለሰችለት፤ ከሌላ አገር የመጡት ተራ ጠባቂዎችም እንዲገባቸው።

"አይደለም አባዬ። አጥንታቸው ደህና ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

እነዚህን ቃላት ሠላሳ ዓመት ጠብቄያቸዋለሁ፤ ከዚያ ቤት ሰው አፍ፣ በሰው ፊት፣ ሳይሸራረፉ። መጡ። የተናገረቻቸው ግን ያላጠፋችው ናት፤ ያውም ስላልሠራችው ጥፋት። የባሌ እህት በክርኗ ጎሰመችኝ። በይ እንጂ፣ ጊዜሽ ነው ማለቷ ነው።

ዝም ብል ሁሉም ነገር በእጄ ነበር። ጥፋቱ በዚያ ቤት ይጻፋል፤ ከተማውም ከጣት የተሻለ ወሬ ያገኛል። ጥርሴ ግን ይነቀላል። የፈራች እጅ ብሎን አታስገባም፤ በየጥቂት ሳምንቱ ጅማ መመላለስም በእኔ ጉልበት አይታሰብም። አንዱን ጤነኛ ጥርስ በእሱ ስህተት አጥቻለሁ፤ ሌላውን በራሴ ዝምታ ላጣው ነው። አሳቤ ይህ ብቻ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልጅቱ ካርዱን ወደ እኔ አዙራ ይዛው ስለነበር የጻፈችው ታየኝ። "የባለሙያ ስህተት" ይላል፤ ከሥሩ የራሷን ስም ጽፋበታለች።

"በወረንጦ አጥብቄዋለሁ" አልኩ።

ማንም አልገባውም።

"ምን አሉ እትዬ?"

"ብሎኑን ነዋ። የላላ መስሎኝ በቅንድብ ወረንጦ አጠበቅኩት። ሦስት ቀን።"

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እስኪያስለው ሳቀ። ተራ ጠባቂዎቹም ተከተሉት። የባሌ እህት መሃረቧን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ይህንንስ ወንድሜ አላስተማራትም" አለች። ልጅቱ አልሳቀችም። ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ከዚያ፣ ትንሽ ነቅነቅ ማለት ብቻውን ክፉ እንዳልነበረ፣ ሳልነካው ብመጣ ኖሮ ሊቆም ይችል እንደነበረ በትሕትና አስረዳችኝ። ይህን ባትነግረኝ እመርጥ ነበር።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅኩና ወደ እሱ ዞርኩ።

"እኔ የራሴን ተናገርኩ ጋሼ። ያኔ መጀመሪያ የነቀሉት ጥርስ ጤነኛ ነበር።"

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ አላስፈለገኝም። እሱ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ዝናቡ አባርቷል" አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ደረጃውንም ያዘ። ዝናቡ አላባራም ነበር።

ልጅቱ መልሳ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን ታጠበች፤ ብዙ ታጠበች። ስለ አባቷ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ከዚያ ተቀምጣ ካርዱ ላይ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰርዛ ሌላ ጻፈች።

"ምን አልሽው አሁን?"

"ታካሚዋ አናጢ ናቸው አልኩ።"

የባሌ እህት እንድትሰማው በሩን ክፈቺውና ድገሚው ልላት አሰኝቶኝ ነበር። ተውኩት።

ድዱ እስኪድን ጠብቃ አዲሱን ብሎን ከቀድሞው ራቅ ባለ፣ በሌሎች ሁለት ሥሮች መካከል ባለ ያልተነካ አጥንት ላይ አስገባችው። እንደ ቀድሞው ሲከብዳት እዚያው አቆመች። ከማስገባቷ በፊት ወረንጦዬን እንዳስረክባት ጠየቀችኝ፤ አስረከብኳት። ቅንድቤ ለወራት እንደፈለገ በቀለ። ምላሴን ግን መግራት ከባድ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እንዳትንቀሳቀስ ሆን ብዬ ብዙ አወራ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ግራ ገባቸው። ብሎኑ ያዘ። ጥርሱም ዓይን በማያየው ፍጥነት፣ ሳያጋድል፣ የወረደውን መንገድ ወደ ላይ ተመለሰ። ዓመቱ ሊሞላ ሲል ከጎረቤቶቹ ጋር ተስተካከለ። ለታችኛው ክፍተት ሁለት ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራልኝ፤ ሁሉም ቦታውን መያዙ ሲረጋገጥ ብሎኖቹ ተፈትተው ወጡ።

ቀጠሮ የተሰጣቸው እነዚያ ሁለት ሰዎችም አልተመለሱም፤ ሁለቱም ብሎን ገብቶላቸዋል። ለእያንዳንዳቸው ወረንጦ ቤታቸው እንዳለ እንደጠየቀቻቸው ሰምቻለሁ።

እሱ ፎቅ መውጣቱን ትቷል። አሁን የሚቀመጠው ከታች፣ መደብሩ በር ላይ ነው፤ የወረንጦዬን ታሪክ ሚስማር ለሚገዛ ሁሉ ይናገራል። በየጊዜውም ይጨምርበታል፤ ባለፈው ሳምንት ወረንጦው ፒንሳ ሆኗል። የጥርሱን ታሪክ ግን ገና አልጀመረም። በዚያ ሳልፍ ጋሼ ብዬ ሰላም እለዋለሁ፤ ምናልባት ዛሬ ቢናገር ብዬ ትንሽ ቆም እላለሁ። ስለ ዝናቡ ይነግረኛል። እኔም ቆሎዬን በግራዬ እያኘክሁ እሰማዋለሁ።